ህዳግ

ሐረጎን ስንወርድ ጉሙ ፊት ቀደመ፤
ሚኒባሱ ዞረ፣ ዞሮም አዘመመ፤
ደረቴ ላይ ይዤ ሦስት ዓመት በፌስታል፣
ኮምቦልቻ ገባሁ፣ «ይፈለጋል» ወደሚል፦

«ግራፊክ ዲዛይነር። ዲግሪና ከዚያ በላይ።
ደመወዝ፦ በስምምነት።»

ዲግሪው የለኝም፤ «ከዚያ በላይ» ግን አለኝ፤
ወይም እንደዚያ ነው ልቤ የመከረኝ።

ዱቄት ፋብሪካው በር ላይ ሲትራ፣ ጸሐፊዋ፣ ቅጽ ሰጠችኝ።
ስም ሞላሁ፣ ዕድሜ፣ ስልክ።
«የትምህርት ደረጃ» ላይ ስደርስ ብዕሬ ፍሬን ያዘ።
ሳጥኗን ባዶ ትቼ አለፍኩ።

እኔ የተማርኩት ሸዋ በር ነው፣ ሙሄ ፎቶ ኮፒ፤
ወለል ጠርጌ፣ ጉርድ ፎቶ ቆርጬ፣ ቶነር አራግፌ፣
መብራት ሲመጣ ብቻ፣ እሱም ሲመጣ ሌሊት፣
ጋሽ ሙሄ ቁልፉን ትቶልኝ ሲሄድ፣ «ኮምፒውተሩን እንዳትነኪ» ብሎ።
ነካሁ።
እያንዳንዱን ምልክት ተጭኜ ምን እንደሚያፈርስ አየሁ፤
ማፍረሱን ስጨርስ የቀረኝ መሥራት ነበር።

ቀን ቀን ፒያሳ ላይ ሰሌዳ ሥር ቆምኩ፤
ሰው ዋጋ ሲያነብ የፊደል እግር ቆጠርኩ፤
የ«ጠ»ን ሦስት፣ የ«በ»ን ሁለት፣ የ«ቀ»ን አንድ።
አሁን ማን ይሙት፣ ፊደል አልቆጠረችም ልባል?

ከዚያ የሰርግ ካርድ መጣ፣ ከኩታበር፣ ሁለት መቶ።
አበባ ደረደርኩ፣ ወርቅማ ክፈፍ ሠራሁ፣
የሙሽራዋን አባት ስም እንዲያምር ብዬ ዳር ድረስ ወሰድኩት፤
የመቁረጫው ምላጭ ወረደ፣
ሼህ ጀውሐር «ሼህ ጀውሐ» ሆኑ፣
ሁለት መቶ «ር» ወለል ላይ ረገፈ።
ጠረግኩት። ኪሣራው ከደሞዜ ሄደ።
ሼሁ መጡ፣ ካርዱን አገላበጡ፣ አልተቆጡም፦
«ልጄ፣ ሰውንም ሆነ ፊደልን ገደል ጫፍ ላይ አያሳድሩትም።»
የአዝዋ ገደል ጎረቤት ነኝና ወዲያው ገባኝ።
ያን ሌሊት ህዳግ የሚባለውን ተማርኩ፦
አምስት ሚሊሜትር፣ ምንም የማይጻፍበት፣
የተጻፈውን ሁሉ የሚያስጥል።

አቶ ደባልቄ ፌስታሌን አልፈታም። «የት ተማርሽ?» አለ፤
መልሴን ሳይጠብቅ የጆንያ ንድፍ ወረወረልኝ፦
«ምን ይጎድለዋል?»
«በዝቶበት ነው እንጂ አልጎደለውም፤
ስንዴው፣ ጸሐይዋ፣ በሬው፣ ስልክ ቁጥሩ ሦስት ቦታ፤
ፊደሎቹ ትንፋሽ አጥሯቸዋል።»
በእርሳስ በሬውን ፈታሁት፣ ጸሐይዋን አጠለቅኳት፣
ዙሪያውን ባዶ አስቀረሁለት።
«እንደውልልሻለን» አለ።

አልደወለም። ሰኔ ገባ፣ ጦሳ ደመና ለበሰ፤
የልቤም ተስፋ እንደ ካርዱ ዳር ዳሩ ፈረሰ።
ሰኞ ገበያ፣ ጭቃ እየዘለልኩ፣
አንድ ወዛደር አለፈ፣ ጆንያ ተሸክሞ፤
በሬ የለም፣ ጸሐይ የለም፣ ፊደሉ ይተነፍሳል፤
ያ ባዶ፣ የኔ ባዶ፣ ከእርምጃው ጋር ይወዛወዛል።

ልቅሶ ይሁን ኩራት፣ ዛሬም አልለየሁትም።
እስከ ጋሪው ተከተልኩት፤ ስሜን ፈለግኩ፣ የለም።
ደወልኩ።
«አቶ ደባልቄ፣ ጆንያዎ ላይ ያለው ባዶ ቦታ የኔ ነው፤
ባዶ ቦታ በነጻ አይደለም።»
ዝም አለ። ከኋላው ወፍጮው ይሰማኛል።
«ነይ» አለ፣ «ቅጹን ሙዪ።»

ያቺን ሳጥን «እስከ ህዳግ» ብዬ ሞላኋት።
ሲትራ አነበበች፣ ቅንድቧን ሰቀለች፦
«ህዳግ? ይሄ ኮሌጅ የት ነው ያለው?»
«ሸዋ በር» አልኳት፣ «ከጫማ ጠጋኙ ቀጥሎ።
መብራት ካለ ክፍት ነው።»